የጋሽ ፍሬን ግራ እጅ

ከሰዓት በኋላ ከግድግዳው ማዶ ክሽክሽ የሚል ድምፅ መስማት ስጀምር አይጥ ነው ብዬ ደመደምኩ። የእኔንና የጋሽ ፍሬንን ቤት የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ እሱ ሲያስነጥስ እኔ ከዚህ ሆኜ ይማርህ እላለሁ። ወጥመድ ገዝቼ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩ። ወጥመዱ የያዘው የራሴን አውራ ጣት ብቻ ነው፤ ክሽክሽታው ግን እንደቀጠለ ነው። አንድ ቀን ሚስቱን በር ላይ አግኝቼ፣ እናንተ ቤት አይጥ ገብቷል፣ ለምን ድመት አታስገቡም አልኳት። ወገቧን ይዛ ሳቀች። አዎ፣ አንድ ትልቅ አይጥ አለ፣ ግን ለምጄዋለሁ አለችኝ። ጣቴ አብጦ እሷ ስትስቅ ተናድጄ ገባሁ።

አይጡ ባሏ ነበር። ይህን ያወቅኩት ግን በጣም ዘግይቼ ነው፤ ዝርዝሩን ደግሞ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ እሱ ራሱ ቁጭ ብሎ ነገረኝ።

ጋሽ ፍሬን ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ተሳፋሪዎቹ ናቸው፤ ለዶሮ ፍሬን ይይዛል፣ ለውሻ ይይዛል፣ ሲብስበት ለዛፍ ጥላም ይይዛል እያሉ። እሱ አልተቀየመም። ሰው ሳይገጭ ጡረታ የወጣ ሹፌር ጥሩልኝ ይላል። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ጎርናና፣ መዳፉ አካፋ የሚያህል ነው። አውቶቡስ መናኸሪያ ብቅ ሲል ወጣቶቹ ሹፌሮች እስከ ዛሬ ከመቀመጫቸው ይነሱለታል።

ቤት ያዋለው ጉልበቱ ነው። ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረው ግራ ጉልበቱ አንድ ቀን አልታጠፍም አለ። መሪ የለመደ እጅ ደግሞ ባዶውን መዋል አይችልም። መጀመሪያ በሩን ጠገነ፣ ቀጥሎ ወንበሩን፣ ቀጥሎ ደህና ይሠራ የነበረውን ሬዲዮ ጠግኖ ገደለው። የሚነካው ነገር ሲያልቅ ዓይኑ በር ኋላ የተንጠለጠለው ፌስታል ላይ አረፈ። ፌስታል የታጨቀበት ፌስታል የሌለው ቤት የለም፤ የነሱ ግን ከሌላው ይብሳል፣ ምክንያቱም ሚስቱ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ድንች ትሸጣለች።

ኪሮሽ የተማረው በልጅነቱ ነው። ታላቅ እህቱ ስትሠራ ፊት ለፊቷ ይቀመጥ ነበር። ግራኝ ስለሆነ እሷ በቀኝ እጇ የምትሠራውን እሱ እንደ መስታወት በግራው ይቀዳው ነበር። ጎበዝ ሆነ። አንድ ቀን አባቱ ደርሶ አየው። አልመታውም። ሳሎን የተቀመጡ እንግዶቹን ጠራና፣ ኑ፣ ሁለተኛዋን ሴት ልጄን ተዋወቋት አላቸው። እንግዶቹ ሳቁ። ዱላ ቢሆን ኖሮ በረሳው ነበር፤ ያ ሳቅ ግን አብሮት አደገ፣ አብሮት ሸበተ። ከዚያ ወዲያ የኪሮሽ መርፌ በእጁ አልነካም፤ የአውቶቡስ መሪ ግን ሲያዞር የሚቀድመው ያው ግራ እጁ ነበር።

እና ሸብቶ፣ ጡረታ ወጥቶ፣ መጋረጃውን ጋርዶ በሩን ቆልፎ እንደገና ጀመረ። ፌስታሉን አጥቦ ያደርቃል። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በመዳፉ አየሩን ያስወጣለታል፣ በቁመቱ ያጥፈዋል፣ እጀታውንና ቂጡን በመቀስ ቆርጦ ይጥላል። የቀረውን በሁለት ጣት ስፋት ሲቆራርጠው ቀለበት ቀለበት ይሆናል። አንዱን ቀለበት በሌላው አሾልኮ ቀስ አድርጎ ይስበዋል፤ ያጣደፉት ፌስታል ይሳሳና ይበጠሳል፣ በዚህ ላይ እንደ አሮጌ ሞተር ትዕግሥት ይፈልጋል። የተቀጣጠለውን እንደ ክር ይጠቀልለዋል። መርፌውንም ከተሰበረ ዣንጥላ ዘንግ ሞርዶ፣ ጫፉን ቆልምሞ ራሱ ነው የሠራው። በር ሲንኳኳ ሁሉንም አልጋ ሥር ይወረውርና ጋዜጣ ይይዛል። አንዳንዴ እኔ ስገባ ጋዜጣውን ገልብጦ ይዞት አገኘው ነበር፤ መነጽሩ ደክሟል እያልኩ አዝንለታለሁ።

የመጀመሪያ ሥራው ለሚስቱ ዘንቢል ነበር። ነጭ ሆኖ መሐሉ ላይ ሰማያዊ መስመር የዞረበት፣ ቂጡ ክብ፣ ድንች ቢሞሉት የማይለጠጥ። ሲሰጣት አስጠነቀቃት። ማን ሠራው ካሉሽ ገዛሁት በይ፤ የኔን ስም ያነሳሽ ቀን እኔና አንቺ አንተዋወቅም አላት።

ገዛሁት ብላ ነበር፣ በእርግጥ። ሴቶቹ ግን መች ለቀቋት። ከየት ነው የገዛሽው፣ እኛም እንሂድ አሉ። ከየትም ማለት አቃታት። አጠገቧ የምትሸጠው ቲማቲም ሻጭ፣ ምላስ ብቻ ፈጥሮ የለቀቃት ሴት፣ ዓይኗን አጥብባ አየቻትና ራስሽ ሠርተሽ ነው የደበቅሽን አለቻት። የጋሽ ፍሬን ሚስት ዝም አለች፤ ዝምታዋን እንደ አዎ ቆጠሩት።

እዚህ ላይ ሴትዮዋን ማወቅ ያስፈልጋል። ጉልበቷ ነው እንጂ እጇ ተመስግኖ አያውቅም። የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ የሚተክለው ባሏ ነው። ጣቶቿ በድንች አፈር የተሰነጣጠቁ፣ ጥፍሮቿ የተበሉ ናቸው። በዚያ ቀን ሴቶቹ እየተቀባበሉ እጅሽ ይባረክ ሲሏት ቤቷ መጥታ እጇን ብርሃን ላይ ይዛ ስታየው አመሸች። ውሸቱ ጣማት ብዬ አልፈርድባትም። ባሏም ደስ አለው፤ ምስጢሩ ሽፋን አገኘ። እሱ በተዘጋ ቤት ይሠራል፣ እሷ በአደባባይ ትመሰገናለች። ለኔም የበር ምንጣፍ ሰጠችኝ። እግሬን በጠረግሁ ቁጥር እየመረቅኳት ገባሁ ወጣሁ፤ አይጡ እንደሠራው አልነገረችኝም።

እንዲህ እንዳሉ ለሴቶች የእጅ ሥራ የምታስተምር አሠልጣኝ ገበያውን ስትጎበኝ ዘንቢሉን አየች። ሽያጭ በሚቀዘቅዝበት ወራት ለገበያተኞቹ ጥሩ መደጎሚያ ይሆናል አለች። በሰፈሩ አዳራሽ ሴቶቹ ተሰብስበው የዘንቢሉ ባለሙያ ራሷ እንድታሳያቸው ቀን ተቆረጠ። የጋሽ ፍሬን ሚስት አፏን ሳትከፍት ሌሎቹ እሺ ብለውላት ነበር።

ቤት ገብታ በል አስተምረኝ አለችው። አጠገቡ አስቀመጣትና ጀመሩ። የሱ ግራ ለሷ ቀኝ አልሆን አለ፤ እሱ ወደዚህ ሲያሾልክ እሷ ወደዚያ። ፊት ለፊቴ ተቀመጪ ማለት አልታሰበውም፤ እሱ የተማረበትን መንገድ እሱው ረሳው። ለመንጃ ፈቃድ እንደምትለማመድ ልጅ ጮኸባት። እሷም ጥቅሉን አንስታ በግንባሩ ላይ ወረወረችበት። ጩኸቱን እኔም ሰምቻለሁ፤ ስለ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም፣ ግራ ግራ ሲል መንገድ የሚጠቁም መስሎኝ ነበር።

"ንገራቸው" አለችው በመጨረሻ። "ወይ አንተ ንገራቸው፣ ወይ እኔ ልንገራቸው። ከነሱ ጋር ነው የምውለው፤ ውሸታም ተብዬ ሽንኩርት መሸጥ አልችልም።"

ለመናት። መቁረጡንና መቀጣጠሉን አሳዪያቸው፣ እሱን ከኔ እኩል ትችያለሽ፤ መርፌው ላይ ስትደርሺ እጄን አሞኛል በይ አላት። እኔም ከኋላ እቀመጣለሁ፣ ነገሩ ከከፋ ተነስቼ እናገራለሁ አለ። ማልልኝ አለችው። በእህቴ ሞት ብሎ ማለላት። እህቱን ምን ያህል ይወዳት እንደነበር ስለምታውቅ አመነችው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። እኔ ከኋላ ረድፍ ከጋሽ ፍሬን ጎን ተቀመጥኩ። ከሌላው ጎኑ ሹፌሮች መጡ፤ አሠልጣኟን ያመጣት መኪና ሹፌር ለካ ድሮ የጋሽ ፍሬን ረዳት የነበረ ሰው ነው። አለቃ፣ አለቃ እያለ ትከሻውን ስሞ የመናኸሪያ ጓደኞቹንም አስቀመጠ። ጋሽ ፍሬን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግራ እጁን ከኮቱ ኪስ አላወጣም። በርዶት ነው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁለት።

ሚስቱ መቁረጡን አሳየች። ልቅም አድርጋ አሳየች። ቀለበቶቹን ስታቀጣጥል ሴቶቹ ተንጠራርተው አዩ፣ እሷም እየተዝናናች መጣች፣ ድምፅዋም ሞላ። ወደ መርፌው ስትደርስ እንደተመካከሩት እጇን አሻሸችና ዛሬ አሞኛል አለች። እግዜር ይማርሽ ተብሎ ሊያልፍ ነበር። አሠልጣኟ ግን ዘንቢሉን አንስታ ቂጡን ገልብጣ እያየች ነበር፤ ሴትዮዋ ክፋት የለባትም፣ ሥራ ወዳድ ናት።

"እናቴ፣ ግራኝ ነዎት እንዴ?" አለች ደስ ብሏት። "ዙሩን እዩት፣ ከኛ በተቃራኒ ነው የሚሄደው። ይህ በግራ እጅ የተሠራ ነው።"

"ግራኝማ አይደለችም" አለች ቲማቲም ሻጯ። "ሚዛኑን በየትኛው እጇ እንደምታነሳ ስናይ ነው የምንውለው።"

የጋሽ ፍሬን ሚስት ምን ማድረግ ነበረባት? ግራኝ ነኝ አለች። አሠልጣኟ በቅንነት፣ እንግዲያው ቢያምዎትም ትንሽ ብቻ ያሳዩን ብላ መርፌውን ሰጠቻት። በግራዋ ያዘችው፣ ማንኪያ እንደሚጨብጥ ሕፃን። አንድ ጊዜ አሾለከች፣ አመለጣት። ደግማ ሞከረች፣ መርፌው ከእጇ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ከመሐል አንዷ ሳቀች፣ ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። ሴትዮዋ መርፌውን ለማንሳት ጎንበስ ስትል ቀና ብላ ወደ ኋላ አየች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየችው። እኔን ያየች መስሎኝ አይዞሽ ብዬ እጄን አወዛወዝኩላት።

በዚያኛው ጎን የድሮው ረዳት እየሳቀ ወደ ጋሽ ፍሬን ጆሮ ተጠግቶ፣ አለቃ ኪሮሽ የሴት ሥራ አይደል፣ እሷ እንዴት አቃታት አለው፤ ሚስቱ መሆኗን አያውቅም። ጋሽ ፍሬንም አዎ በሚል ራሱን ነቀነቀ። ሊነሳ እንደፈለገ ነግሮኛል። ጉልበቴ እምቢ አለኝ ብሎ ጀመረና ወዲያው ተወው፤ የጉልበቱ ችግር ማጠፍ እንጂ መዘርጋት እንዳልነበረ እኔም እሱም እናውቃለን። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የዚያን ቀን የሱ ዝምታ እዚያው ወንበሩ ላይ ነቀዘ።

ሚስቱ መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"እኔ አይደለሁም የሠራሁት" አለች። "ገዝቼው ነው። ዋሽቻችኋለሁ።"

"ከማን ነው የገዙት?" አለች አሠልጣኟ።

"ከማላውቀው ሰው።"

ዘንቢሉን እዚያው ጥላ ወጣች። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት፤ አንዷም እጇን አልያዘቻትም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ለካ እንዲህ ዓይን ለዓይን የሚታይ ነገር ነው።

ጋሽ ፍሬን እያነከሰ ከኋላዋ ተከተላት። ሙሉውን መንገድ ሊደርስባት አልቻለም፤ እሷም አልጠበቀችውም። ቤት ሲገቡ ትሰድበኛለች ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር። ስድቡን እየፈለገው ጭምር። እሷ ግን ምሳውን አቀረበችለት፣ ውሃውን ቀዳችለት፣ ጉልበቱ ሥር የሚያደርገውን ትራስ አመጣችለት። አንድም ቃል አልተናገረችውም። እሷ ውሃ ስትጨምርልኝ እንዳፈርኩት አፍሬ አላውቅም አለኝ። የዚያን ቀን ከግድግዳው ማዶ ክሽክሽታ አልተሰማም። አይጡ ሞተ ማለት ነው ብዬ ነበር።

በማግስቱ እሷ ገበያ ወጣች፤ ሰው ስላፈረ ሽንኩርት አይጠብቅም። እሱ መናኸሪያ ሄደ። ሹፌሮቹ እንደ ልማዳቸው ተነሱለት። አትነሱ፣ ተቀመጡና ስሙኝ አላቸው። ትናንት አዳራሽ ውስጥ የተዋረደችው ሚስቴ ናት፣ ዘንቢሉን የሠራሁት ግን እኔ ነኝ አለ። ከዚያ ያ ረዳቱ የነበረው ሰው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"አለቃ፣ ባል ማለት እንዲህ ነው" አለው። "ለሚስቱ ክብር ብሎ ራሱን የሚያዋርድ። እኔ ብሆን አልችለውም ነበር።"

የለም፣ በእጄ ነው የሠራሁት አለ ጋሽ ፍሬን። ገብቶናል አለቃ፣ ገብቶናል አሉት። ያው ሰው ትናንት ለሳቀው ሳቅ ይቅርታ ጠየቀ፤ እግሩ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ሌላው ሻይ አዘዘለት። በሕይወቱ ካገኘው ምስጋና ሁሉ እንደዚያ የከበደው የለም። ያፈረበትን ነገር አውጥቶ ቢያሳያቸው ክብር አድርገው መልሰው አሸከሙት። ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ።

በሬ ላይ ሲያልፍ አየሁት። አንድ ትልቅ የፌስታል ክር ጥቅል በብብቱ፣ ያ የዣንጥላ መርፌ በግራ እጁ። ወዴት ነው አልኩት። አይጡ እኔ ነኝ፣ ወጥመድሽን አንሺው አለኝና አለፈ። ነገሩ ሲገባኝ በሬን እንኳ ሳልዘጋ ተከተልኩት።

ገበያው መሐል ሚስቱ ሚዛኗ ሥር ተቀምጣለች። ከቲማቲም ሻጯ ጋር ጀርባ ተሰጣጥተዋል። ባዶ ሣጥን ገልብጦ አጠገቧ ተቀመጠ፣ እግሩን ዘረጋና መሥራት ጀመረ። ሚስቱ አላየችውም፣ ወይም እንዳላየች ሆነች። መጀመሪያ የሠራውን ፈታው። እንደገና ጀመረ። ድንች የሚያራግፍ ተሸካሚ ቆም ብሎ አየውና፣ ጋሼ መቼ ነው ሴት የሆኑት አለ። ሰው ሳቀ። ያ ልጅ ሆኖ የሰማው ሳቅ ነው፤ አንድም ነገር አልተለወጠበትም። ጆሮው ቀላ፣ ላብ አጠመቀው፣ ግን አልተነሳም። ክቡ በትንሽ በትንሹ ሰፋ። ዙሩ በተቃራኒ ሄደ።

ሳቁ በራሱ ጊዜ አለቀ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ዕቃቸውን ትተው መጡና ከበቡት። ቲማቲም ሻጯ ጎንበስ ብላ መርፌውን፣ ግራ እጁን፣ ክቡን አየች። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትናገር ሰማኋት።

"ታዲያ ትናንት የት ነበሩ?" አለችው።

አሞኝ ተኝቼ ነበር ማለት ይችል ነበር። ሹፌሮቹ በበጎ እንደተረጎሙለት ሁሉ እዚህም ያምኑት ነበር፤ እንዲያውም ያዝኑለት ነበር።

"እዚያው ነበርኩ" አለ። "ከኋላ ተቀምጬ።"

"እየሰሙ?"

"እየሰማሁ።"

ያላገጠው ተሸካሚ ጆንያውን አንስቶ ሄደ። ጋሽ ፍሬን አገጩ ደረቱን እስኪነካ አቀርቅሮ መሥራቱን ቀጠለ፤ ክሩ ሁለት ጊዜ ተበጠሰበት፣ ሁለቱንም ጊዜ ቀጠለው። ሚስቱ ለገዢ ሽንኩርት እየመዘነች ነበር። መዝና ጨረሰች፣ ለሴትዮዋ አቀበለች፣ እጇን ጠረገች። ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብላ አየችው።

"ቀና ብለህ ሥራ" አለችው። "ስታቀረቅር አሁንም የተደበቅክ ትመስላለህ።"

ቀና አለ። ሰው ሁሉ ፊቱን አየው፤ እሱም እንዳያዩት አልከለከለም።